አውድማ ላይ የተወቃ ዋንጫ

በቀደም ስልኬ ጮኸ። ወረታ ካለው የድሮ ትምህርት ቤቴ ነው። ደዋይዋ መምህርት ሰላም የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ታሪክ እየጻፈች ኖሯል።

«ጋሼ፣ በጃንሆይ ጊዜ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ከሆኑት ልጆች አንዱ እርስዎ ነዎት ሲሉ ሰማሁ። እስቲ በምን ታክቲክ እንዳሸነፋችሁ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ታክቲክ! ወይ ጉድ! እኔ ሰባውን ያለፍኩ፣ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ የሚያጉረመርምብኝ ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ ኳስ ቢያቀብሉኝ የምቀበለው በሆዴ ነው። ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀረነው እኔና ኑሩ ብቻ ነን። ኑሩን ቀድማ ጠይቃዋለች፤ «በዲሲፕሊንና በጠንካራ ልምምድ» ብሏታል። ኑሩ ነጋዴ አይደል፤ ዕቃውን ሲያሳይ ጥሩውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ነው።

«አንድ ደግሞ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «መስታወቱ ውስጥ ያለው የዋንጫው ክዳን ብቻ ነው። ሆዱ የት እንደ ደረሰ ያውቃሉ?»

አውቃለሁ። እሷ ይህን ስትጠይቀኝ ሆዱ ከፊቴ መደርደሪያው ላይ ጉብ ብሎ ያየኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት ያፈንኩትን እውነት ዛሬ ልናገር። ዋንጫውን ያገኘነው በታክቲክ አይደለም። በእበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎገራን የማያውቅ ሰው «ሜዳ» ሲባል ኳስ የሚነጥርበት ይመስለዋል። የእኛ መሬት ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ እንደ ማር ተጣብቆ እግር ይይዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይሰብራል። መምህር ደምሴ የሚባሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ ከአዲስ አበባ ተመድበው ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ በሸሚዝ የተጠቀለለ የቅርጫት ኳስ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አነጠሩት። ኳሱ ዱብ ብሎ ወረደና እዚያው ቀረ። መምህር ደምሴ ጎንበስ ብለው ትንሽ አዩት። የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆናቸው በዚያን ሰዓት ምንም አልጠቀማቸውም።

በአካባቢው ደረቅና ጠንካራ መሬት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ከፍ ካለው ጉብታ ላይ የተሠራው የአባቴ አውድማ።

አባቴን አያ ፈንቴ ይሉታል። ቁመቱ አጭር፣ ቃሉ ረጅም ሰው ነበር፤ አንዴ የተናገረውን አገር ቢለምነው አያጥፍም። ያን ጊዜ ደግሞ ከእኔ ጋር ሙግት ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ወታደር ቤት ገብቶበት ብቻውን ቀርቷል፤ ስለዚህ እኔን ከስምንተኛ ክፍል አውጥቶ ከበሬዎቹ ኋላ ሊያቆመኝ ቆርጧል። እኔ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ እላለሁ። የምለው ግን በሆዴ ነው፤ በአፌማ እንዴት ብዬ!

መምህር ደምሴ አውድማ ሊለምኑ ሲመጡ የኑሩን አባት አቶ ሰይድን ይዘው መጡ። አቶ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የአባቴን ጤፍና ኑግ በየዓመቱ የሚገዙት እሳቸው ስለሆኑ አባቴ ያከብራቸዋል።

«አያ ፈንቴ፣ አውድማዎን ለልጆቹ ልምምድ ቢያውሱን» አሉ መምህር።

«ምን ሊወቁበት?»

«ኳስ ነው የሚጫወቱበት። እዚያ ላይ ቀለበት እንሰቅላለን፤ ልጆቹ ኳሱን ከላይ ይከቱታል፤ ከታች ይወጣል።»

አባቴ ብዙ አሰበ። «ከታች የሚወጣ ከሆነ ለምን ይከቱታል?» ሲል ጠየቀ። መምህር ደምሴ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ነው ከዚያ አገር የተቀየሩት።

በመጨረሻ አባቴ በአቶ ሰይድ ፊት ውል ተናገረ። «አውድማውን እስከ ኅዳር ሚካኤል አውሼአችኋለሁ። ልጄንም እስከዚያው አውሼአችኋለሁ። ከሚካኤል ወዲያ ሁለቱም ወደ እኔ ይመለሳሉ፤ የምወቃው አለኝ። አውድማዬ ላይ ጫማ አይወጣም፤ እህል የሚወርድበት ነው። ልቅለቃው በእናንተ። ከዚያ የሚገኘው ምርት ደግሞ እኩል ነው።»

በእኛ አገር የሰው መሬት በእኩል ያረሰ ገበሬ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ለሁለት ይካፈላል። መምህር ደምሴ ከቅርጫት ኳስ ምን ምርት እንደሚገኝ ስላልታያቸው ሳቅ ብለው «እሺ፣ እኩል» አሉ። አቶ ሰይድ ግን አልሳቁም፤ አባቴን ያውቁታል።

እንግዲህ ልምምድ ተጀመረ። በየቅዳሜው እበት እንሰበስባለን፤ የፎገራ ላም ደግሞ በዚህ በኩል ስስታም አይደለችም። አውድማውን እንፍቃለን፣ እንለቀልቃለን፣ እስኪደርቅ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፤ ሲደርቅ ኳሱ ነጠር ነጠር ይላል፤ እኛም ነፍስ እንዘራለን። መምህር ደምሴ ሜዳ አገኘሁ ብለው ተደሰቱ። አባቴ ለወትሮው ለብቻው የሚደክምበትን አውድማ አምስት ጎረምሳ በነፃ ሲለቀልቅለት እያየ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ተቀመጠ።

ቀለበቱን አንጥረኛ ከበርሜል ብረት አጎበጠልን። መረቡን ከጣና ደንገል ገመድ ፈትለን እኛው ሠራነው። ጠበብ ስላለ ኳሱ አልፎ አልፎ ገብቶ ይቀረቀራል፤ ያኔ የአባቴን መንሽ፣ ጭድ የሚያነሳበትን ያን ባለ ጣት እንጨት፣ ወስደን ከላይ እንጎሰጉሰዋለን። አባቴ በዚህ ይናደዳል። «መንሼ የጭድ ነው፤ የጨዋታ አይደለም!» ይላል። ሁለተኛ ቀለበት ለመትከልማ ስንጠይቀው ጭራሽ አበደ። የመጀመሪያውም ምሰሶ ነፋስ እየከለከለበት ነውና እህሉን በምን ሊያዘራ ነው? ስለዚህ ሁለቱም ወገን እዚያው አንዱ ቀለበት ላይ ይጥላል።

ቡድኑን ላስተዋውቃችሁ። አምበላችን ታረቀኝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም ጢም አለው፤ ሚስትም አለችው። የቤት ሥራ ያልሠራ ቀን «ሚስቴ አሟት» ይላል፤ ይህን ምክንያት ከመላው ክፍል እሱ ብቻ ነበር የሚችለው። ኑሩ በአባቱ ሱቅ የአቡጀዲ ጣቃ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሲወረውር ያደገ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ቀለበት ያገኛል። ሌሎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው መሮጥ ነው፤ ወዴት እንደሚሮጡ ጠይቀው አያውቁም። አምስተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ችሎታ የአውድማው ባለቤት ልጅ መሆን ነበር።

አጨዋወታችንን አደራ አትሳቁ። አውድማ ክብ ነው። እኛ ደግሞ እግር ካወጣን ጀምሮ አውድማ ላይ የምናውቀው አካሄድ አንድ ነው፤ በሬዎቹ እህሉን እየረገጡ ሲዞሩ ከኋላ መዞር፣ ያውም ሁልጊዜ ወደ ግራ። መምህር ደምሴ «ተበተኑ! ወደ ማዕዘኑ ሂድ!» እያሉ ይጮኻሉ። ማዕዘን የታለና! አምስታችንም ኳሱን እየተቀባበልን ወደ ግራ ስንዞር ቆይተን፣ አንዱ ድንገት ወደ ቀለበቱ ይገነጠላል። መምህር ሁለት ሳምንት ተከራክረው ተዉት።

አንበሳሜ ሄደን የመጀመሪያውን ግጥሚያ ስናደርግ ትምህርት ቤቱ ሸራ ጫማ ገዝቶልን ነበር። ሜዳው ዳር ስንደርስ ታረቀኝ ቆመና ጫማውን አወለቀ። ሁላችንም አውልቀን በረድፍ ደረደርን። ኑሩ «እኔስ መስጊድ ለምጄዋለሁ» አለ። ዳኛው መጥተው «ምነው ልጆች? ጫማ ጠበባችሁ?» ቢሉን፣ «የለም ጌታዬ፣ ሜዳ ልንገባ ነዋ!» አልናቸው። ግራ ገብቷቸው ጫማዎቹን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ፊሽካቸውን ነፉ።

እዚያ ደግሞ ሁለት ቀለበት አለ። ታረቀኝ ሁለት ጊዜ የራሳችን ቀለበት ውስጥ አገባና ሁለቱንም ጊዜ እየሮጠ መጥቶ አቅፎ ሳመኝ። ያም ሆኖ አሸነፍን። የአንበሳሜ ልጆች እኛን ተከትለው ወደ ግራ ሲዞሩ ሲዞሩ አንዱ ሜዳ መሃል ቁጭ ብሎ ራሱን ይዞ ቀረ። ይፋግም ላይ እንዲሁ ሆነ። ሳይታሰብ ለዋንጫ ደረስን። የመጨረሻው ግጥሚያ ከጎንደር ልጆች ጋር ነው፤ ዕጣ ሲወጣም በእኛ ሜዳ ሆነ። ቀኑ ከሚካኤል ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ተቆረጠ።

እኔ ደስታም ፍርሃትም ያዘኝ። መምህር ደምሴ «ዋንጫ ካመጣን አባትህን የምንለምንበት አፍ እናገኛለን፤ ካልመጣ ግን ምን ይዘን እንሄዳለን?» ብለውኝ ነበር። ትምህርቴ እዚያች ኳስ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ያውም በእኔ እጅ!

የተቆረጠው ቀን ደረሰ፤ ጎንደሮች የሉም። መኪናቸው ተበላሽቶ ይፋግ ቁሟል አሉ። ነገ ይመጣሉ ተባለ፤ አልመጡም። ሚካኤል ገባ፤ በበዓል ኳስ የለም። የመጡት በማግሥቱ ጧት ነው።

በማግሥቱ ጧት ደግሞ እኔ የአባቴ ነኝ።

ሳይነጋ ቀስቅሶኝ አውድማውን አብረን ለቅልቀናል። የጤፉ ክምር ዳር ላይ ቆሟል። ቦራና ዳልቻ፣ ሁለቱ በሬዎቻችን፣ ተጠምደው ያመነዥካሉ። እኔ ጅራፍ ይዤ ቆሜያለሁ። መምህር ደምሴ፣ ሁለተኛ ቀለበት በትከሻቸው የተሸከሙ ተማሪዎች፣ ዳኛውና በአቧራ የተለወሱት ጎንደሮች መጡ፤ ከተማውም ከኋላ ተከተለ።

«ቀኑ አልፏል» አለ አባቴ። «አውድማውም ተመልሷል፤ ልጁም ተመልሷል።»

«አያ ፈንቴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ!» አሉ መምህር።

«ቃል ቃል ነው፣ መምህር። እርስዎም እሺ ብለዋል።»

እኔ ጅራፉን አየሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም። ዕድሜ ልኬን ቦራን ተከትዬ ወደ ግራ ስዞር ታየኝ።

ይሄኔ አቶ ሰይድ ጠጋ አሉ። «አያ ፈንቴ፣ ነገሩን ትቼው እነዚህ እንግዶች ናቸው። አራት ሌሊት መንገድ ላይ አድረው መጥተዋል። ከፈንቴ ደጅ ተመለሱ ይባል?»

አባቴ ዞሮ ጎንደሮችን አያቸው። እንግዳ ላይ መጨከን አያውቅም። ጎንበስ ብሎ እበቱን በጣቱ ነካ። «ገና እርጥብ ነው፤ አሁን ብወቃም አይሆንም። እስኪደርቅ ተጫወቱ። ሲደርቅ በሬዎቼን አስገባለሁ፤ ማንም ቢኖርበት አስገባለሁ» አለ። ወደ እንግዶቹ ዞሮም፣ «ልጆቼ፣ ጫማችሁን አውልቁ» አለ።

ጎንደሮች ነጫጭ ጫማ፣ ነጫጭ ካልሲ አድርገዋል። ወደ ዳኛው ዞሩ። ዳኛው የሕግ መጽሐፋቸውን አገላበጡ፤ ስለ እበት የሚል የለም። አወለቁ። ተማሪዎቹም የተሸከሙትን ሁለተኛ ቀለበት ማዶ ተከሉት።

የሆነውን አይቶ መሳቅ ነው። እኛ እርጥብ እበት ላይ መሄድ ያደግንበት ነው፤ ተረከዝ ቀድሞ ይተከላል፣ ጣት ይቆነጥጣል። እነሱ ግን አንዱ ቀለበት አየሁ ብሎ ሲዘል ቁጭ፤ ሌላው ሲያነሳው እሱም አብሮ ቁጭ። ነጭ ቁምጣቸው የላም ቀለም ያዘ። ይሁንና ሲጥሉ አይስቱም፤ ተቀምጠው እንኳ ያገባሉ! እኛ ወደ ግራ ስንዞር፣ እነሱ እየተንሸራተቱ፣ ነጥቡ እንደ ተያያዘ ሄደ። አባቴ በየጊዜው እየገባ መሬቱን በተረከዙ ይጫናል። ዳኛው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ሕዝቡ የአባቴን ተረከዝ ያያል።

«ሊደርቅ ነው!» አለ አባቴ። ነጥባችን አቻ ለአቻ ነው።

ኳሱ እኔ እጅ ገባ። የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ቆምኩ። መምህር ደምሴ ይጮኻሉ፤ ታረቀኝ ይጮኻል፤ ምንም አይሰማኝም። በዚህ መሃል ከዳር የለመድኩት ድምፅ መጣ።

«ቦራ! ዙር በል! ቦራ፣ ግባ!»

አባቴ ነው። ስሜ ጠፍቶት በበሬው ስም እየጠራኝ ነው። ታዛዥ ልጅ ነኝና እንደ ቦራ ዞርኩ፤ ወደ ግራ። ከፊቴ የነበረው ጎንደሬ ሊከተለኝ ሲል እግሩ ከዳው። ገባሁ፤ ጣልኩ። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ተንቀዋለለ፣ ወረደ... መረቡ ውስጥ ተቀረቀረ!

«ገብቷል!» አልን እኛ። «አልወጣም!» አሉ ጎንደሮች። ዳኛው እንደገና መጽሐፍ አወጡ። ቅጠል ሲገልጡ ሲገልጡ፣ አባቴ መንሹን ከጭዱ ላይ ነቀለና ቀጥ ብሎ ወደ ምሰሶው መጣ። ያ «መንሼ የጭድ ነው» የሚለው ሰውዬ! ዘርግቶ ኳሱን ከላይ ጎሰም አደረገው። ኳሱ ወደቀ፤ ነጠረም። እበቱ ደርቋል።

«በሬ ላስገባ ነው፤ ነፋስ ከለከላችሁኝ!» አለ።

ዳኛው ወደ አባቴ አዩ፤ ወደ መንሹ አዩ። «ተቆጥሯል» አሉ።

ጎንደሮች ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ እኛን ጨበጡን፣ ራሳቸውንም አይተው ሳቁ። ዋንጫው ተሰጠ። ክዳን ያለው፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ዋንጫ ነው። ታረቀኝ ለሚስቱ ሊያሳይ ከፍ ሲያደርገው አባቴ እጁን ዘረጋ።

«ድርሻዬ።»

«የምን ድርሻ፣ አያ ፈንቴ?» አሉ መምህር።

«በእኩል ነው ያልነው። ሰይድ ምስክር ነው። ይህ አውድማዬ ላይ የተገኘ ምርት አይደለም?»

«ዋንጫ እኮ አይከፈልም!»

አባቴ ክዳኑን አነሳው። በአንድ እጁ ክዳን፣ በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ፣ «ይኸው ተከፈለ» አለ። ሕዝቡ ወዲያው መከራከር ጀመረ፤ ሆዱ ይበልጣል፣ ክዳኑ ያንሳል፣ ይህ እኩል አይደለም ተባለ። ሽማግሌዎችም ገቡበት። አባቴ በሬዎቹን አየ። እኔን አየ፤ ቶሎ ደግሞ ዓይኑን መለሰ።

«እውነታችሁን ነው፤ ሆዱ ይበልጣል» አለ። «እንግዲያው ሆዱን እኔ ልውሰድ። እናንተ ክዳኑንና ልጁን ውሰዱ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። «ፈንቴ ብልጥ ነው፣ የተሻለውን ወሰደ!» እያሉ ጀርባውን መቱት። መምህር ደምሴ ክዳኑን በአንድ እጃቸው፣ የእኔን ክንድ በሌላው ይዘው ቀሩ።

እኔ? አለቀስኩ። ለቆርቆሮ ተለወጥኩ አልኩ! ያን ቀን ከሰዓት ክምሩን ያበራየነው አምስታችን ሻምፒዮኖች ነን፤ ጎንደሮችም መኪናቸው እስኪመጣ ጫማቸው ወልቆ ነበርና አብረውን ሲወቁ ዋሉ። እኔ ግን ቀና ብዬ አባቴን አላየሁትም። ፈተናውን ስወስድ፣ ጎንደር ስማር፣ አስተማሪ ስሆን ቂሙ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ስንት ዓመት አልፎ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ሸምግሎ፣ በዚያው ዋንጫ ለዘር የሚሆን ጤፍ ይሰፍር ነበር። «አባዬ፣ ያኔ ከእኔ ዋንጫው በለጠብህ?»

መስፈሩን ሳያቆም፣ «ዋንጫ አይበላም፤ አንተ ግን ትበላ ነበር» አለኝ። አንድ ዋንጫ ሰፍሮ ደግሞ፣ «ሚካኤል ሲደርስ ልጄ ይመለሳል ብዬ ለአገር ተናግሬ የለም? በባዶ እጄ ለቀቅሁት ልበል?» አለ።

ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ደንቆሮ! ቃሉን ሳያጥፍ እኔን የሚለቅበት ቀዳዳ ሲፈልግ ነበር። ያን መንሽ ያነሳውም ለነፋስ ብሎ አልነበረም። እጁን ስሜ ማልቀስ ቃጣኝ፤ እሱ ግን «ጤፉን ትደፋብኛለህ» ብሎ አባረረኝ። ዛሬም ይናፍቀኛል።

ይህን ሁሉ ለመምህርት ሰላም በስልክ ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«ጋሼ፣ ለትምህርት ቤቱ በዓል ሆዱን ይዘው ቢመጡ ከክዳኑ ጋር እናገናኘው ነበር።»

«አይሆንም ልጄ» አልኳት። «ሆዱ ከተመለሰ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው፤ እኔም ወደ ቦራና ዳልቻ ልመለስ ነው። በዚህ ጉልበቴ?»

«እንግዲያው ክዳኑን ልላክልዎ?» አለች።

«እሱም አይሆንም። ክዳኑና እኔ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነን። ይልቅ ለበዓሉ እመጣለሁ፤ ከክዳኑ አጠገብ አንድ ወንበር አስቀምጪልኝና ድርሻችሁ ይሙላ።»